አንድ ቀለበት፣ አንድ ኳስ፣ አርባ ተማሪ፦ የቅርጫት ኳስ ልምምድ በቢቸናና በሞጣ እንዴት ቢመራ ፍሬ ያፈራል?

የቅርጫት ኳስ በኢትዮጵያ በእግር ኳስና በአትሌቲክስ ጥላ ሥር የቆየ ስፖርት ነው። እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ወጣቱ ከጨዋታው ጋር የሚተዋወቀው በአብዛኛው በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያስቸግረው የልጆቹ ፍላጎት ማነስ አይደለም። ያለው ጊዜ፣ ያለው ኳስና ያለው ቀለበት በአግባቡ ካልተመሩ ብዙው ልጅ ተራ ሲጠብቅ ቆይቶ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ መምህር 40 ተማሪዎችን በአንድ ቀለበት ፊት አሰልፎ በየተራ ያስወርውር እንበል። ልጁ ኳሱን ወርውሮ፣ ተከትሎ አንስቶ ለሚቀጥለው እስኪያቀብል 10 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በ40 ደቂቃ የሚወረወረው 240 ጊዜ ነው። ለአንድ ልጅ ሲካፈል 6 ብቻ ይደርሳል። ልምምዱ በሳምንት አንድ ቀን ቢሆንና 30 ሳምንት ቢቀጥል፣ ልጁ በዓመት የወረወረው 180 ጊዜ ይሆናል። ይህ አንድ የበቃ ተጫዋች በአንድ ቀን ልምምድ የሚጨርሰው ነው።

የጤፍ ማሳ ለዘር እስኪደርስ ደጋግሞ እንደሚታረስ የአካባቢው ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ተገልብጦ የተዘራ መሬት አረም እንጂ ምርት አይሰጥም። የተጫዋች እጅና እግርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የአሠልጣኙ የመጀመሪያ ሥራ የተራቀቀ ስልት ማሳየት አይደለም፤ እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲደጋግም ሜዳውን ማደራጀት ነው።

ከእጥረት የተወለደ ጨዋታ

የቅርጫት ኳስ ራሱ በተሟላ ሜዳ አልተጀመረም። ካናዳዊው መምህር ጄምስ ናይስሚት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም ጨዋታውን ሲፈጥር የተጠቀመው በኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶችና በእግር ኳስ ነበር። ቅርጫቶቹ በአዳራሹ ሰገነት ላይ ተቸነከሩ። ዛሬም የቀለበቱ ቁመት 3.05 ሜትር የሆነው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ተማሪዎቹ 18 ስለነበሩ ዘጠኝ ለዘጠኝ ተጫወቱ፤ የቅርጫቱ ሥር ስላልተቀደደ ኳስ በገባ ቁጥር ወጥቶ ማውረድ ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ደንቦችም 13 ብቻ ነበሩ።

ኢትዮጵያም ለጨዋታው እንግዳ አይደለችም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና በ1954 ዓ.ም በካይሮ ሲካሄድ ከተሳተፉት አምስት ሀገራት አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን ስፖርቱ በሀገሪቱ እንደ አጀማመሩ አልዘለቀም።

ሜዳ ሳይኖር ምን ያህል መጓዝ እንደሚቻል ጎረቤት ደቡብ ሱዳን አሳይታለች። በ2003 ዓ.ም ነጻነቷን ያወጀችው ይህች ሀገር ደረጃውን የጠበቀ የቤት ውስጥ ሜዳ ሳይኖራት ቡድኗን አደራጀች። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የቀድሞው ታዋቂ ተጫዋች ሉኦል ዴንግ ነው። ቡድኑ በሐምሌ 2016 ዓ.ም በለንደን በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ በአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን የተሸነፈው 101 ለ100፣ በአንድ ነጥብ ልዩነት ብቻ ነበር። በዚያው ወር በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶሪኮን 90 ለ79 አሸንፏል። እርግጥ ነው፣ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ያደጉትና የሠለጠኑት በውጭ ሀገር ነው። በሀገር ውስጥ ያለ ልጅ እዚያ ደረጃ የሚደርሰው መሠረቱ በልጅነቱ በትክክል ከተጣለለት ነው።

አራት ጣቢያዎች

አርባ ተማሪዎችን ከአንድ ሰልፍ ይልቅ በአሥር በአሥር ከፍሎ በአራት ጣቢያዎች ማሠራት ይቻላል። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጣቢያ 6 ደቂቃ ቆይቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በ24 ደቂቃ ሁሉም አራቱንም ያዳርሳል።

የመጀመሪያው ጣቢያ ኳስ ማንጠር ነው። ለዚህ ቀለበት አያስፈልግም፤ ጠንከር ያለ መሬትና የሚነጥር የጎማ ኳስ ይበቃል። ተጫዋቹ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ኳሱን በመዳፉ ሳይሆን በጣቶቹ ይገፋል፣ ከወገቡ በታች ያነጥራል፣ ዓይኑንም ከኳሱ ላይ ያነሣል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በዚህ በመጨረሻው ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ከፊት የቆመ ጓደኛ ጣቶቹን እየለዋወጠ ያሳያል፤ አንጣሪው ሳያቋርጥ ቁጥሩን ይጠራል። በቀኝ እጅ 30 ሰከንድ፣ በግራ እጅ 30 ሰከንድ፣ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ እያሻገሩ 30 ሰከንድ ይሠራል። ደካማው እጅ ከጠንካራው እጥፍ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በአንድ እጁ ብቻ የሚያነጥርን ተጫዋች ተከላካይ በአንድ ወገን ዘግቶ ያስቀረዋልና።

ሁለተኛው ጣቢያ ቅብብል ነው። ከደረት ወደ ደረት በሚደረግ ቅብብል ሁለቱም እጆች ተዘርግተው አውራ ጣቶች ወደ መሬት ይዞራሉ። መሬት አንጥሮ ለማቀበል ኳሱ በአቀባዩና በተቀባዩ መካከል ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛው ላይ መሬት ቢነካ ለተቀባዩ ወገብ ልክ ይደርሳል። ሁለት ልጆች እየተቀባበሉ አንድ ልጅ መሐል ገብቶ ለመንጠቅ መሞከሩ ጥሩ ልምምድ ነው። ኳስ ያነሰበት ትምህርት ቤት ከጨርቅ የተሰፋ ኳስ ቢጠቀም ችግር የለውም፤ አይነጥርም እንጂ ለቅብብልና የውርወራ አያያዝን ለመማር ያገለግላል።

ሦስተኛው ጣቢያ የመከላከል እግር ነው። ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ተጫዋቹ እግሩን ከትከሻው ሰፋ አድርጎ፣ ዳሌውን ዝቅ፣ ደረቱን ቀና አድርጎ ወደ ጎን ይንሸራተታል። እግሮቹ መቆላለፍ የለባቸውም፤ የተቆላለፈ እግር አቅጣጫ በፍጥነት መቀየር አይችልም። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ በመጠማዘዝ እየሮጠ ሌላው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በእግሩ ብቻ መንገዱን እንዲዘጋ ማድረግ፣ ተከላካይ በእጁ ከመንጠቁ በፊት በእግሩ መቅደም እንዳለበት ያስተምራል።

አራተኛው ጣቢያ ቀለበቱ ነው። እዚህ አሥሩ ልጆች በሁለት ወገን ተሰልፈው በሁለት ኳስ ይሠራሉ። አንዱ ውርወራ አሁንም 10 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ሁለቱ ሰልፎች በ6 ደቂቃ 72 ጊዜ ይወረውራሉ። ለአንድ ልጅ 7 ይደርሰዋል ማለት ነው። ቀድሞ በ40 ደቂቃ ካገኘው ይበልጣል፤ በቀሩት 18 ደቂቃዎች ያገኘው ሥራ ደግሞ ትርፍ ነው። ሁለተኛ ኳስ ከሌለ በግድግዳ ላይ 3.05 ሜትር ከፍታ ምልክት አድርጎ በጨርቅ ኳስ ማለማመድ ይቻላል።

ሩጦ ማስቆጠርና ቆሞ መወርወር

ሌይአፕ የሚባለው፣ ሩጦ ወደ ቀለበቱ በመዝለል የሚቆጠረው ግብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለመድ የሚገባው ነው። በቀኝ እጁ የሚጫወት ልጅ ኳሱን ይዞ ቀኝ እግሩን፣ ቀጥሎ ግራ እግሩን ይረግጥና በግራ እግሩ ተነሥቶ በቀኝ እጁ ያስቀምጣል። በግራ በኩል ሲመጣ ሁሉም ይገለበጣል። ልጆች ይህን በሩጫ ከጀመሩት እግራቸው ይምታታል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ኳስ በእርምጃ፣ ቀጥሎ ከኳስ ጋር በእርምጃ፣ በመጨረሻ በሩጫ ቢሆን ይበጃል። በሰሌዳው ላይ 59 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በቀለም ቢሣል ልጁ የሚያነጣጥርበት ያገኛል፤ ኳሱ የአራት ማዕዘኑን የላይኛ ጥግ ሲነካ ወደ ቀለበቱ ይወርዳል።

በአሜሪካዊው ጆርጅ ማይካን ስም የሚጠራው ልምምድም ለአንድ ቀለበት ተስማሚ ነው። ተጫዋቹ ከቀለበቱ ሥር ቆሞ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ያስቆጥራል፤ ኳሱን መሬት ሳያስነካ ተቀብሎ ይቀጥላል። ማይካን ረጅምና ዘገምተኛ ተማሪ ሳለ አሠልጣኙ ሬይ ሜየር በእንዲህ ያለ ድግግሞሽ አሠልጥኖ በዘመኑ ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ አድርጎታል።

ቆሞ ለመወርወር አራት ነገሮች በተራ ይታሰባሉ። እግር በትከሻ ልክ ተከፍቶ ሚዛን ይጠብቃል፤ ዓይን ቀለበቱ ላይ ይተከላል፤ ክርን ከኳሱ ሥር ወደ ቀለበቱ ይቀናል፤ ኳሱ ከወጣ በኋላም የእጅ አንጓ ወደ ታች ታጥፎ ለአፍታ ይቆያል። ሁለተኛው እጅ ኳሱን ደገፍ ያደርጋል እንጂ አይገፋም። ጀማሪው ከቀለበቱ አንድ እርምጃ ብቻ ርቆ ይጀምርና ከ10 ውርወራ 7 ሲያገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ወጣቶች በቴሌቪዥን የሚያዩትን የሦስት ነጥብ ውርወራ ለመቅዳት ይቸኩላሉ። ያ መስመር በዓለም አቀፍ ደንብ ከቀለበቱ 6.75 ሜትር ይርቃል። ጉልበቱ ያልደረሰ ልጅ ከዚያ ሲወረውር ኳሱን ከትከሻው ላይ ይገፋዋል፤ ያ ልማድ ደግሞ በኋላ ለማረም እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለዚህም ነው ለሕፃናት ቀለበቱ 2.60 ሜትር ላይ እንዲሰቀልና ቁጥር 5 የሚባለው አነስተኛ ኳስ እንዲያገለግል የሚመከረው።

ነጻ ውርወራ ከሰሌዳው 4.60 ሜትር ርቆ፣ ማንም ሳይከላከል የሚደረግ ነው። ርዝመት፣ ፍጥነትም ሆነ ጉልበት አይጠይቅም፤ ልምምድ ብቻ ይጠይቃል። ልምምዱን ሮጠው በደከሙበት ሰዓት፣ በመጨረሻ ማድረግ ይመረጣል። በጨዋታም ነጻ ውርወራ የሚገኘው ልብ እየመታ ነውና።

ሁለት ቀላል ስልቶች

ለጀማሪ ቡድን ብዙ ስልት ማሸከም ግራ ማጋባት ነው። ሁለቱን በሚገባ ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው ሰጥቶ መሮጥ ነው። ተጫዋቹ ኳሱን ለጓደኛው አቀብሎ ቆሞ አያይም፤ ወዲያው ወደ ቀለበቱ ሮጦ መልሶ ይቀበላል። ተከላካዩ ኳሱን ሊያይ ዞር ባለባት ቅጽበት መንገዱ ይከፈታል። ይህን ለማስረጽ ማንጠር የተከለከለበት ጨዋታ ማድረግ ይጠቅማል። ማንጠር ሲከለከል ሁሉም ያለ ኳስ መንቀሳቀስ ግድ ይሆንበታል፤ ኳሱን ብቻውን ይዞ የሚሮጠው ጎበዝም ጓደኞቹን ማየት ይጀምራል።

ሁለተኛው ስክሪን የሚባለው ነው። ኳስ የያዘውን ልጅ የሚከላከለው ተጫዋች በሚያልፍበት መንገድ ላይ አንድ ጓደኛ እንደ አጥር ጸንቶ ይቆማል። ባለኳሱ በጓደኛው ትከሻ አጠገብ ተጠግቶ ያልፋል፤ ተከላካዩም ይታገዳል። አጥር የሆነው ልጅ ከዚያ ወደ ቀለበቱ ዞሮ ይሮጣል። ሁለቱ ተከላካዮች ባለኳሱን ከተከተሉ ሯጩ ነጻ ነው፤ ሯጩን ከተከተሉ ባለኳሱ ነጻ ነው። አጥር የሆነው ከተንቀሳቀሰና ከገፋ ግን ጥፋት ይቆጠርበታል።

በመከላከል በኩልም አንድ ልማድ ከሁሉ ይቀድማል። ኳስ ወደ ቀለበቱ ሲወረወር ጀማሪ ሁሉ አንጋጦ ኳሱን ያያል። የሠለጠነው ግን መጀመሪያ ተጋጣሚውን ፈልጎ ጀርባውን ይሰጠዋል፣ መንገዱን ይዘጋል፣ ከዚያ ኳሱን ይከተላል። ያልገባን ኳስ የሚያገኘው ሁልጊዜ ረጅሙ ሳይሆን ቀድሞ ቦታ የያዘው ነው። ይህ «አጭር ነኝ» ብሎ ከሜዳ ለሚርቅ ልጅ ሊነገረው የሚገባ ነው።

ሦስት ለሦስት፦ አንድ ቀለበት የሚበቃው ጨዋታ

ሙሉ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ስፋትና ሁለት ቀለበት ይጠይቃል። ይህ ለሌለው ትምህርት ቤት የሦስት ለሦስት ጨዋታ አለ። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው ይህ ጨዋታ በ15 በ11 ሜትር ሜዳና በአንድ ቀለበት ይካሄዳል። ጨዋታው 10 ደቂቃ ይቆያል ወይም ቀድሞ 21 ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። ከቅስቱ ውስጥ የገባ 1፣ ከቅስቱ ውጭ የገባ 2 ነጥብ ነው። ስድስት ልጆች ብቻ ስለሚጫወቱ እያንዳንዱ ኳስ ደጋግሞ ያገኛል፤ መደበቂያ የለም። በአንድ ሰዓት ልምምድ 10 ደቂቃ ለማሟሟቂያ፣ 24 ደቂቃ ለአራቱ ጣቢያዎች፣ 20 ደቂቃ ለአጫጭር የሦስት ለሦስት ግጥሚያዎች፣ የቀረው 6 ደቂቃ ለነጻ ውርወራና ለመዝገብ ቢመደብ ጊዜው ይበቃል።

ልማድ የሚሠራው ለውጥ

መዝገብ የተባለው ተራ ደብተር ነው። ልጁ ቀኑን፣ ከ10 ነጻ ውርወራ ስንት እንዳገባ፣ በግራ እጁ ለስንት ሰከንድ እንዳነጠረ ይጽፋል። በየካቲት 3 ያገባ ልጅ በግንቦት 6 ሲያገባ የሚያሳምነው የአሠልጣኝ ምስጋና ሳይሆን የራሱ ቁጥር ነው።

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ውድድር በ12 ዓመት ውስጥ 10 ዋንጫ ያነሣው አሠልጣኝ ጆን ውደን የዓመቱን የመጀመሪያ ልምምድ የሚጀምረው ካልሲና ጫማ አደራረግን በማስተማር ነበር። የተጨማደደ ካልሲ እግር ያቆስላል፤ የቆሰለ እግር ልምምድ ያስቀራል። ትልቁ ነገር ከትንሹ እንደሚጀምር የሚያሳይ ምሳሌ ነው። በሰዓት መገኘት፣ በቂ እንቅልፍ መተኛት፣ የዳኛን ውሳኔ ተቀብሎ መጫወት፣ ያበላሸውን ጓደኛ አለመስደብም እንዲሁ ናቸው።

በክልሉ በተፈጠረው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርትም ከሜዳም ርቀዋል። ለእንዲህ ያለ ጊዜ ማንጠር፣ የእግር ልምምድና የውርወራ አያያዝ በግቢ ውስጥ ብቻን ሊሠሩ መቻላቸው ትልቅ ነገር ነው። በቀን 15 ደቂቃ ያልተቋረጠ ልምምድ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ድካም ይሻላል።

ሰውነትና ሜዳን መጠበቅ

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። የአካባቢው ልጅ ለምዶታል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ቡድን ግን ቶሎ ሊደክም ይችላል። በጾም ወራት ሳይበሉ የሚውሉ ተጫዋቾችን ከባድ ሩጫ ማሠራት ተገቢ አይደለም። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ከመመገቢያ ሰዓት በፊት ውርወራና ስልት፣ ከምግብና ውኃ በኋላ ደግሞ ሩጫ ቢደረግ ይመረጣል። ሽሮ፣ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ለጡንቻ ጥገና የሚያስፈልገውን ገንቢ ምግብ ይሰጣሉ።

ከዝላይ በኋላ አወራረድ ልዩ ትኩረት ይሻል። የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች በርክቶ ይታያል። ሁለት እግርን አጣምሮ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ጉልበቶች ወደ ውስጥ ሳይገጣጠሙ መውረድን በማሟሟቂያው ማለማመድ ጉዳቱን ይቀንሳል። ቁርጭምጭሚቱ የተጠማዘዘ ልጅ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ እግሩ በቀዝቃዛ ነገር ይያዝለታል፣ በጨርቅ ይጠቀለልለታል፣ ከፍ ተደርጎም ይቀመጥለታል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው በወጌሻ ከመታሸቱ በፊት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ስብራት ሊሆን ይችላልና።

ሜዳ ለማዘጋጀት ለሚያስብ ማኅበረሰብ መሬቱ ወሳኝ ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ይጣበቃል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ኳስ አያነጥርም፣ እግርም ይይዛል። ገረጋንቲ አልብሶ መጠቅጠቅ ወይም ሲሚንቶ ማፍሰስ ይሻላል። ቀለበቱን የውስጥ ስፋቱ 45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ብረት በያጅ ሊሠራው ይችላል። ምሰሶው ከሜዳው መስመር ወደ ውጭ ርቆ፣ በጥልቀት ተቀብሮ ይቆም፤ ጭድ የተሞላ ጆንያ ቢታሰርበት ሮጦ የሚጋጨውን ልጅ ያድናል። ማንም በቀለበቱ ላይ እንዳይንጠለጠልም ይከልከል።

የመጨረሻው ድርሻ የወላጅ ነው። አጨዳና ውቂያ በሚደራረብበት በኅዳርና በታኅሣሥ ልጆች ከልምምድ መቅረታቸው አይቀርም፤ አሠልጣኙ ይህን አስቀድሞ አውቆ ሰዓቱን ቢያመቻች ይጠቀማል። ሴት ልጅ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ወጥ ሠርታ ስትጨርስ ከመሸ የሜዳው በር ለእርሷ ክፍት ነው ማለት አይቻልም። ወንድሟ ከሥራው አንዱን ቢካፈላት በሳምንት ሁለት ሰዓት ታገኛለች። ከአርባው ልጆች ብዙዎቹ በሙያቸው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች አይሆኑም። ሁሉም ግን የተለማመዱበትን ነገር በዓይናቸው ሲሻሻል አይተው፣ ጤናማ አካልና ከሌላው ጋር ተባብሮ የመሥራት ልምድ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ለዚህም ያለው አንድ ቀለበት፣ ሰዓቱ በሚገባ ከተመራ፣ ይበቃል።